ውል

ማልፒካ ዛሬም ዝናብ ነው፤ ባሕሩ ግራጫ ለብሷል፣
የበረንዳችን ጣራ ከሐሙስ ጀምሮ ያፈሳል።
ዶሲንዳ ገና በማለዳ፣ ጫማዋን ግራ ቀኝ አዛንቃ፣
"ጌታው፣ መረቡ ደርሷል?" ትለኛለች፣ በር ላይ ቆማ ጠብቃ።

ጌታው እኔ ነኝ እንግዲህ።
አርባ ስምንት ዓመት "አንተ" ብላኝ፣ ስትቆጣም "አንተ ድንጋይ" ብላ፣
ዘንድሮ "እርስዎ" ሆንኩላት፤ ባልነቴ በአክብሮት ተበላ።
"ደርሷል እሜቴ፣" እላታለሁ፣ "ትናንት ማታ ነው የመጣ፤
ቋጥኝ ሳይነክሰው አልቀረም፣ ከገደሉ ሥር ሲወጣ።"

ዱካዋን ስባ ትቀመጣለች፣ አንድ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ፣
የመረቡን ጠርዝ በእግሯ አውራ ጣት ጠምዝዛ፣ ወጥራ፣ ገትታ።
ያኔ ነው ማየት።
ልጆችሽ ስንት ናቸው ሲሏት አንዴ ሁለት፣ አንዴ አምስት የምትለው፣
የሾርባ ማንኪያዋን አጥባ ካልሲ ውስጥ የምትከተው፣
ያቺው ሴት የመረቡን ዓይን በሌባ ጣቷ ትለካለች፣
አንድ ዙር፣ ሽቅብ፣ አንድ ዙር፤ ጥብቅ አድርጋ ትቋጥራለች።
እኔ ክር ላቀብላት ስል ልቃቂቱ ይተበተባል፤
"ውሉ ጠፋኝ እሜቴ" ስላት፣ ሳቅ ፊቷ ላይ ያብባል።
"ውል አይጠፋም፤ የሚጠፋው የፈላጊው ትዕግሥት ነው፣"
ብላ በሁለት ጣት መዘዝ። ለካ ውሉ እዚያው ነው።
በቤተ ክርስቲያን የገባነውን፣ ያንን ውል ረስታዋለች፤
የክሩን ውል ግን ዓይኗን ጨፍና ታገኘዋለች።

ሳቤላ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ደግ ልጅ ናት፤
"እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ" ብላ ባለ ቀለም ዶቃ አመጣችላት።
ዶሲንዳ ዶቃውን አየችው።
"የማን ልጅ ነው የረሳው? ያለቅስ ይሆናል፤ መልሱለት።"
ሌላ ቃል አልጨመረችበት።

ከዚያ ወዲህ ነው የጀመርኩት።
ጀልባዋን ከሸጥናት ስድስት ዓመት፤ የቀረን መረብ አንድ ነው።
እሷ ስትተኛ ኩሽና ገብቼ፣ በዓሣ መዘልዘያ ካራ፣
ቀን የቋጠረችውን ማታ እቀዳለሁ፣ ዓይን በዓይን፣ በየተራ።
ድሮም የምቀደው እኔ ነበርኩ፣ እሷም የምትሰፋ፤
ያኔ ግን ባሕሩ ነበር ሰበቤ፤ አሁን ሰበቡም ጠፋ።

ሹርሾ፣ ልጃችን፣ ከቪጎ ደውሎ፣
"አባዬ፣ ይሄ ማታለል አይደለም?" አለኝ።
"ነው" አልኩት።
"ታዲያ?"
"ታዲያማ፣ ጠዋት ስትነሳ የምትሄድበት አላት።"

ባለፈው ማክሰኞ አንዱን ቀዳዳ ይዛ ዝም አለች።
ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ጠርዙን በጥፍሯ ዳሰሰች።
"ይሄ ቋጥኝ አይደለም ጌታው፤ ዓሣም አልነካው፤ ካራ ነው።
ቋጥኝ ያንጨፈርራል፤ ይሄ ጥርት ያለ የሰው እጅ ነው።
ጠላት አለዎት?"
"እንጃ እሜቴ፣" አልኩ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ሸሽጌ።
ብዙ አሰበች። ጣራው ባልዲው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
"ጠላት አይደለም፣" አለች። "ጠላትማ ዋናውን ገመድ ይበጥሳል።
ይሄ ሰው የሚጠገነውን መርጦ ይቀዳል፣ ሌላውን ይተዋል።
ሰፊ እንዳለች ያውቃል።
ተዉት፣ ይቅደድ።"
መርፌዋንም አነሳች።

ሲመሽ ሒሳቧን ትጠይቃለች፤ ሁለት ዩሮ እቆጥርላታለሁ፤
እሷ ማሰሮ ውስጥ ትከታለች፣ እኔ ጠዋት እወስዳለሁ።

ትናንት ማታ ካራውን ትቼ፣ ክሩን በድንጋይ ልፈትገው፣
የባሕር ሥራ እንዲመስል ጠርዙን ላንጨፈርረው፣
አሰብኩና ተውኩት።
ስሜን አታውቀው፣ ፊቴን አታውቀው፤ የእጄን ቅድ ግን ታውቃለች፤
"ሰውዬው ዛሬም መጥቶ ነበር" ብላ በማለዳ ትነግረኛለች።

ጣራው እንደሆነ ያፈሳል።
ነገ ካባራ ከኖርቤርቶ መሰላል እዋሳለሁ፤
ካላባራም ባልዲውን እደፋለሁ።